«ስማቸውን የደበቁ ቢትልሶች» የተባሉት ካናዳውያን እነማን ነበሩ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጠያቂያችን ቶሮንቶ ውስጥ ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ሸክላ ገዝተዋል። ሽፋኑ ላይ ፊት ያላት ፀሐይ ተስላለች፤ «ክላቱ» ከሚለው ቃል በቀር የዘፋኝም የተጫዋችም ስም የለበትም። ሻጩ «እነዚህ እኮ ስማቸውን ደብቀው የቀረጹ ቢትልሶች ናቸው» ብሏቸዋል። እውነት ነው ወይ? ካልሆነስ እነማን ናቸው፣ መጨረሻቸውስ ምን ሆነ? ሸክላው ዋጋ ያወጣል? ከየትኛው ዘፈን ልጀምር?

ስመ ጥሮቹ የእንግሊዝ ባንድ ቢትልሶች አይደሉም። ክላቱ ማለት ሦስት የቶሮንቶ ልጆች ናቸው፤ ጆን ዎሎሹክ፣ ዲ ሎንግ እና ቴሪ ድሬፐር። ከቢትልስ አንድም ሰው በዚህ ሸክላ ላይ አልዘፈነም፣ አልተጫወተም። ሻጩን ግን በውሸታምነት አይክሰሱት። በ1977 መጀመሪያ ላይ ይህን ወሬ ጋዜጠኞችና የሬዲዮ ሰዎች ሳይቀሩ አምነውታል፤ ያላመኑትም ቢሆኑ እያወቁ አራግበውታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዎሎሹክና ሎንግ ባንዱን የመሠረቱት በ1973 ነው። ዎሎሹክ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ይጫወታል፣ ሎንግ በዋናነት ጊታር ተጫዋች ነው፣ ትንሽ ቆይቶ የተቀላቀላቸው ድሬፐር ድራም ይመታል፤ ሦስቱም ይዘፍናሉ፣ ሦስቱም ዘፈን ይደርሳሉ። «ሦስቱም ይዘፍናሉ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ኋላ ወሬውን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዷ እሷ ናት። አንዱ ዘፈን ላይ የሚሰማው ድምፅ በሚቀጥለው ዘፈን ላይ የለም፤ ስም በሌለበት ሸክላ ላይ ይህ ሲሆን አድማጭ ለእያንዳንዱ ድምፅ ባለቤት መፈለጉ አይቀርም።

ቀረጻው የተሠራው ቶሮንቶ ሳውንድ በሚባለው ስቱዲዮ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ቴሪ ብራውን ይባላል፤ በዚያው ዘመን ራሽ የተባለውን የካናዳ ሮክ ባንድ አልበሞች ያዘጋጅ የነበረው እንግሊዛዊ ነው። ያሳተማቸው ደግሞ ፍራንክ ዴቪስ የሚመራው ዳፎዲል የተባለ ትንሽ የካናዳ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው አልበም በአንድ ትንፋሽ አልተሠራም፤ ዘፈን በዘፈን፣ ከ1973 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶ በነሐሴ 1976 ወጣ። አብዛኛው ባንድ በዚያ ዕድሜው የሚያደርገውን፣ ማለትም ቡና ቤት ለቡና ቤትና ኮሌጅ ለኮሌጅ እየዞሩ መጫወትን፣ እነሱ ትተው የተቀመጡት ስቱዲዮ ነው። የዚህ ባንድ ጥሩውም መጥፎውም የሚመጣው ከዚህ ምርጫ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ትንሽ ኩባንያ በማይታወቁ ልጆች ላይ ሦስት ዓመት እንዴት ገንዘብ አፈሰሰ ለሚል ሰው፣ የዘመኑን የካናዳ ሬዲዮ ደንብ ማወቅ ያስፈልገዋል። ከጥር 1971 ጀምሮ የኤኤም ጣቢያዎች ከሚያሰሙት ሙዚቃ 30 በመቶው የካናዳ መሆን ነበረበት። «የካናዳ» የሚባለው ደግሞ ከአራት ነገሮች ሁለቱን ሲያሟላ ነው፦ ዜማው፣ ድምፃዊው፣ ቀረጻው፣ ግጥሙ። የክላቱ ዘፈን አራቱንም ያሟላ ነበር። ስለዚህ አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ነጠላ ሸክላዎቻቸው፣ ማለትም በየገጹ አንድ ዘፈን ብቻ የያዙት ትንንሾቹ፣ በካናዳ እየወጡ ነበር፤ በካናዳ ቴሌቪዥንም ቀርበው ነበር። ይህን ልብ ይበሉ፤ «ማንም አይቷቸው አያውቅም» የሚለው ታሪክ ከድንበሩ በስተደቡብ ብቻ የሚሠራ ታሪክ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእነዚህን ግን ያወጣው ፊልም ነው። በ1951 በወጣውና ርእሱ «ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን» ማለት በሆነው የሆሊውድ ፊልም፣ በበራሪ ሳህን ዋሽንግተን ላይ የሚያርፈው የሌላ ዓለም እንግዳ ክላቱ ይባላል። አልበሙ በካናዳ የወጣበት ርእስ «3:47 ኢ.ኤስ.ቲ» ነው፤ ሳህኑ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ያረፈበት ጊዜ መሆኑ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9:47። የአሜሪካው አሳታሚ ካፒቶል ግን ይህን ርእስ ትቶ «ክላቱ» ብቻ ብሎ አወጣው። በዚህ የተነሳ እስከ ዛሬ ሁለት የተለያዩ አልበሞች መስለዋቸው ሁለቱንም የሚገዙ አሉ። ዘፈኖቹ ያው ስምንቱ ናቸው።

ወሬው እንዴት ተነሣ? አልበሙ እንደወጣ በአሜሪካ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። በየካቲት 1977 ግን ስቲቭ ስሚዝ የተባለ፣ የአሜሪካው ጋዜጣ የፕሮቪደንስ ጆርናል ጸሐፊ «ክላቱ ቢትልስ ይሆኑ ይሆን?» የሚል ጽሑፍ አወጣ። መረጃ ብሎ የደረደራቸው ነገሮች አንድ በአንድ ሲታዩ እውነት ናቸው፤ ድምዳሜው ነው ውሸቱ። ሸክላው ላይ የአባላቱ ስምም ፎቶም የለም፤ የዘፈኖቹ ሁሉ ደራሲ ተብሎ የተጻፈው «ክላቱ» የሚል የወል ስም ነው። አሳታሚው ካፒቶል በአሜሪካ የቢትልስ አሳታሚ ነው። የቢትልሱ ሪንጎ ስታር በ1974 ባወጣው አልበም ሽፋን ላይ በዚያው ፊልም በራሪ ሳህን በር ላይ፣ ከሮቦቱ ጎን፣ ልክ ክላቱ በቆመበት ቦታ ቆሟል። «ሰብ ሮዛ ሰብዌይ» የተባለው ዘፈን ላይ የዎሎሹክ አዘፋፈን የቢትልሱን ፖል ማካርትኒን ይመስላል፤ ይህንን ማንም ጆሮ ያለው ሰው አይክደውም።

ጊዜውንም ማሰብ ነው። ቢትልስ ከተበተኑ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሲድ በርንስታይን የተባለው አዘጋጅ በ1976 በጋዜጣ ማስታወቂያ «እባካችሁ አንድ ቀን ተገናኝታችሁ ተጫወቱ» እያለ ይለምን ነበር። ሕዝቡ ጾም ውሎ ሽታ የሚያሳድድበት ወቅት ነው። ወሬውን ጣቢያዎች ሲቀባበሉት አልበሙ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የአልበሞች ሠንጠረዥ እስከ 32ኛ ወጣ፤ ከአልበሙ የወጣው ነጠላ ሸክላ 62ኛ ደረሰ። ካፒቶልም «አዎ» አላለ፣ «አይደለም» አላለ። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ወሬውን ያኔም ቢሆን ለማጣራት፣ ብዙዎች ድብቅ መልእክት ፍለጋ እንዳደረጉት፣ ዘፈኑን ወደኋላ ማጫወት አያስፈልግም ነበር፤ ሰነድ ማየት ይበቃ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለሌላ ባንድም ሊገጥምዎ ስለሚችል መንገዱን ልዘርዝረው። መጀመሪያ የውል ጉዳይ ይታያል። በ1976 መገባደጃ የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ዳርክ ሆርስ በሚለው የራሱ ስያሜ ሥራውን የሚያወጣው ዋርነር በተባለው ኩባንያ በኩል ነበር፤ ሪንጎ ደግሞ በአሜሪካ አትላንቲክ ከተባለው ኩባንያ ጋር ነበር። የቀረጻ ውል ከሌላው ሁሉ ያግዳል፤ ስም መቀየር አያስመልጥም። ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ትልቁን ሀብታቸውን በነጻ ለካፒቶል ሊሰጡ ነው ማለት ነው፤ ይህ የሚሆን ነገር አይደለም። ቀጥሎ ቀን ይታያል፦ የባንዱ ነጠላ ሸክላዎች ከ1973 ጀምሮ በካናዳ ገበያ ላይ ነበሩ። መጨረሻ ላይ የባለቤትነት ምዝገባ ይታያል። ሽፋን ላይ ስም ባይጻፍም፣ ዘፈን በአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ የደራሲው ስም ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ፋይሉም ለማንም ጠያቂ ክፍት ነው። ደብሊው ደብሊው ዲ ሲ የተባለው የዋሽንግተን ሬዲዮ ጣቢያ የፕሮግራም ኃላፊ የነበረው ድዋይት ዳግላስ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ እሱ ከሚሠራበት ከተማ ውስጥ ነው፤ ሄዶ አየ፣ የሦስቱን ስም አገኘ፣ አለቀ። ሌላው ሁሉ በየቤቱ መርፌ ወደኋላ እየገፋ መርፌውንም ሸክላውንም ሲያበላሽ ነበር።

ወደኋላ ስለማጫወት ካነሣን፦ ዛሬ መሞከር ከፈለጉ ሸክላውን በእጅ አያሽከርክሩ። የመርፌው ዘንግ የተሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲጎተት ነው፤ ወደኋላ ሲገፉት ይታጠፋል፣ ጫፉም ድምፁ የተቀረጸበትን ጎድጓዳ መስመር ይቧጥጣል። ዘፈኑን በኮምፒውተር ቅጂ ይያዙ፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ፣ የሚፈልጉትን ቁራጭ መርጠው ከኢፌክት ዝርዝር ውስጥ ሪቨርስ የሚለውን ይጫኑ። ከዚያ ዋናውን ነገር አይርሱ፦ ለሚያሰሙት ሰው ምን እንደሚሰማ አስቀድመው አይንገሩት። «እኛ ነን፣ ቢትልስ ነን ይላል» ተብሎ የተነገረው ሰው በእርግጥ ይሰማዋል፤ ያልተነገረው ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚሰማው። ልጆቹ ራሳቸው በዚህ ነገር ተጫውተውበታል፤ በሦስተኛው አልበማቸው ውስጥ ባለው «ሲሊ ቦይዝ» ላይ የሚሰማው ወደኋላ የዞረ ድምፅ የመጀመሪያው አልበማቸው የአንዱ ዘፈን ድምፅ ነው።

«ሰብ ሮዛ ሰብዌይ» ላይ ጥቂት ልቆይ፣ የባንዱ ምርጥ ሥራ ነውና። ርእሱ «በምስጢር የተሠራ የምድር ውስጥ ባቡር» እንደማለት ሲሆን የሚናገረው ስለ አልፍሬድ ኢሊ ቢች ነው። ቢች በኒው ዮርክ፣ በብሮድዌይ ጎዳና ሥር፣ በነፋስ ግፊት የሚሄድ ባቡር የሠራ ሰው ነው። የወሰደው ፈቃድ የደብዳቤ መላኪያ ቱቦ ለመቅበር ነበር፤ የቆፈረው ግን ሰው የሚያስተላልፍ፣ 2 ሜትር ከ40 ገደማ ስፋትና 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ነው። ቁፋሮው ሌሊት ሌሊት ተካሂዶ በ1870 ለሕዝብ ተከፈተ። በአንድ ጫፍ የተተከለ ትልቅ ማራገቢያ ነፋስ ሲገፋ ፉርጎው እንደ ቡሽ በቱቦ ውስጥ ይሄዳል፤ ማራገቢያው ሲገለበጥ ያው ነፋስ መልሶ ይስበዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ተዘጋ። ዘፈኑ ውስጥ ከሙዚቃው ሥር ዝቅ ብሎ የሞርስ ቴሌግራፍ ምት ይሰማል፤ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉና ወደ ማብቂያው ይጠብቁት። ወሬ አሳዳጆቹ እዚያም ውስጥ ቢትልስን ፈልገዋል። ስሙን ደብቆ የሚሠራ ባንድ በድብቅ ዋሻ ስለቆፈረ ሰው መዝፈኑ የመጣው ከወሬው በፊት ነው፤ ስለዚህ ቀልዱ ሳያስቡት የሰመረላቸው ነው።

ቢትልስን ለምን መሰሉ? ምክንያቱ ጆሮ ላይ ነው። ቤዝ ጊታሩ መሠረት ጠብቆ አይቀመጥም፤ ራሱን የቻለ ዜማ ይዞ ይወጣል። ሁለትና ሦስት ድምፅ ተደራርቦ ይቀረጻል። ጊታሩ አልፎ አልፎ እየሳበ የሚመጣ፣ መነሻ የሌለው ድምፅ ያሰማል፤ ይህ ቴፑን ገልብጦ ቀርጾ ሲጨርሱ መልሶ በማዞር የሚገኝ ነው። «ሰር ቦድስዎርዝ ራግልስቢ ሳልሳዊ» ላይ ድምፃዊው በአሮጌ የቆርቆሮ መለከት የሚዘፍን ይመስላል። ይህ ሁሉ ከ1966 እስከ 1969 ባለው ጊዜ ቢትልስ በስቱዲዮ ያስተማሩት ትምህርት ነው፤ ክላቱ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። ከዚያ ያለፈ ግንኙነት የለም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነው። ወሬው አሜሪካ ውስጥ ሲፈላ ባንዱ ለሁለተኛው አልበም ለንደን ነበር። «ሆፕ» ይባላል፣ በ1977 ነው የወጣው፤ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫውቶበታል፣ የኦርኬስትራውን ክፍል ያቀናበረው ካናዳዊው ዳግ ራይሊ ነው። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ታሪክ ነው፦ በትዕቢቷ የጠፋች ፖሊትዛኒያ የምትባል ዓለም፣ ከእሷ የተረፈ አንድ ብቸኛ የብርሃን ማማ ጠባቂ፣ በዚያ የሚያልፉ መንኮራኩሮችን ከስብርባሪው የሚያስጠነቅቅ። ከሕዝቡ ግማሹ ከዚህ አልበም የጠበቀው የቢትልስን መገለጥ ነበር፤ ያገኘው የብርሃን ማማ ጠባቂ ነው። በአሜሪካ ከ83ኛ ደረጃ አላለፈም። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በዚያው ዓመት ክላቱን የዓመቱ ባዶ ጫጫታ ብሎ ሰየማቸው፤ ወሬውን ያልፈጠሩትን ሰዎች ማለት ነው። በአገራቸው ግን ቴሪ ብራውን በዚሁ ሥራ በድምፅ መሐንዲስነት ጁኖ የተባለውን የካናዳ የሙዚቃ ሽልማት አገኘ። ታትሞ በወጣው ቅጂ ላይ የኦርኬስትራው ብዙ ክፍል ተቀንሷል፤ ኦርኬስትራው የጎላበትን መስማት የሚፈልግ ሰው በ2005 የወጣውን «ሰን ሴት» የተባለ የሁለት ሲዲ ስብስብ መፈለግ አለበት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ያልተጠበቀ ሲሳይ መጣ። ካርፔንተርስ፣ ማለትም አሜሪካውያኑ እኅትና ወንድም ካረንና ሪቻርድ፣ የክላቱን «ኮሊንግ ኦኪዩፓንትስ ኦፍ ኢንተርፕላኔታሪ ክራፍት» አዲስ አድርገው ቀረጹት። በከዋክብት መካከል ለሚጓዙ መንገደኞች «ወዳጆቻችሁ ነን» የሚል ጥሪ ነው፤ መነሻው በ1953 አንድ የበራሪ ሳህን ማኅበር አባላት በተወሰነ ቀን በአንድነት በሐሳብ መልእክት ለመላክ ያደረጉት ሙከራ ነው። የካርፔንተርስ ቅጂ በእንግሊዝ 9ኛ፣ በአሜሪካ 32ኛ ወጣ። ብዙ ሰው ዛሬ ዘፈኑን የሚያውቀው በካረን ድምፅ ነው፤ ባለቤቶቹ ዎሎሹክና ድሬፐር መሆናቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

«ታዲያ ሀብታም ሆኑ?» የሚል መከተሉ አይቀርም። ሌላ ሰው ዘፈንዎን ሲቀርጽ ገንዘቡ የሚመጣው ለዜማና ግጥም ደራሲው እንጂ ለባንዱ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ከ1909 እስከ 1977 መጨረሻ የተወሰነው ክፍያ ለአንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ 2 ሳንቲም ነበር፤ በጥር 1978 ወደ 2.75 ሳንቲም ከፍ አለ። ሒሳቡን ይሥሩት፦ 100,000 ቅጂ ቢሸጥ 2,000 ዶላር፤ ከዚያ ላይ በተለመደው ውል ግማሹ ለዘፈኑ አሳታሚ ይሄዳል፤ የቀረውን ሁለት ደራሲ ሲካፈለው ለአንዱ 500 ዶላር ይደርሰዋል። በእንግሊዝ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ከችርቻሮ ዋጋው 6.25 በመቶ ተቀንሶ ለደራሲ ወገን ይሰጥ ነበር። ከዚህ የሚበልጠውና ዕድሜ ያለው ገቢ ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የሚሰበሰበው ነው። በነገራችን ላይ፣ በካናዳው ደንብ መሠረት ዜማውና ግጥሙ የካናዳውያን ስለሆነ የካርፔንተርስ ቅጂም ከአራቱ ሁለቱን ያሟላ ነበር፤ አሜሪካውያን የዘፈኑት ሆኖ ለ30 በመቶው ይቆጠር ነበር።

የቀረው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ቶሎ ልለፈው። በ1978 «ሰር አርሚ ሱት» ወጣ፤ አጫጭርና ቀለል ያሉ ዘፈኖች ያሉበት፣ በእኔ ሚዛን ከሚገባው በታች የተወደደ አልበም። በ1980 ካፒቶል የሚሸጥ ነገር ፈልጎ ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰዳቸው፤ ፕሮዲውሰሩ ክሪስቶፈር ቦንድ ሆነ፣ በራሳቸው አልበም ላይ ቅጥር ሙዚቀኞች ገቡበት። «ኤንዴንጀርድ ስፒሽስ» የተባለው ይህ አልበም እንደ ክላቱም አይሰማም፣ እንደ ዘመኑ ሬዲዮም አይሰማም፤ አልተሸጠም፣ የአሜሪካው ካፒቶልም ተሰናበታቸው። በ1981 «ማጀንታሌን» የተባለውን አምስተኛ አልበም ራሳቸው ሠርተው በካናዳ ብቻ አወጡት። እሱ ጥሩ ነው፤ የጠፋ መንገዳቸውን ያገኙበት ነው። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማሪ ተጫዋቾች ይዘው መድረክ ለመድረክ የዞሩት። በ1982 ተበተኑ።

ብዙ ጽሑፍ «ወሬው ገደላቸው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ወሬው ባይኖር አሜሪካ ውስጥ የሚያውቃቸው አልነበረም። የጎዳቸው ወሬው ሲሄድ የሚይዛቸው ሰው አለመኖሩ ነው። በመድረክ ያደገ ባንድ በየከተማው ሁለት ሦስት መቶ ሰው አለው፤ ሬዲዮ ቢተወው እነሱ አይተዉትም፣ ቀጣዩን ሸክላ ሳይሰሙት ይገዛሉ። ክላቱ የመጀመሪያ ጉዟቸውን ያደረጉት ከአምስተኛው አልበም ጋር ነው፤ ለዚያውም ዘፈኖቻቸው በስቱዲዮ ድርብርብ የተሠሩ ስለሆኑ ሦስት ሰው ብቻውን መድረክ ላይ ሊያወጣቸው አይችልም። ተጨማሪ ሙዚቀኛ መቅጠር ግድ ነው፤ ቅጥር ደግሞ የቲኬቱን ገቢ ይበላል። በስምንት ዓመት ውስጥ ያልተሠራ ነገር በአንድ ክረምት አይሠራም።

ኋላ ሎንግ ለንደን ሄዶ በጆርጅ ማርቲን ኤር ስቱዲዮ ሠርቷል። አዎ፣ የቢትልስ ፕሮዲውሰር የነበረው ጆርጅ ማርቲን፤ ከቢትልስ ጋር የሚያገናኛቸው እውነተኛ ክር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፣ እሱም ወሬው ከበረደ ከዓመታት በኋላ የመጣ ነው። ዎሎሹክ የሒሳብ ባለሙያ ሆነ፤ ድሬፐር በራሱ ስም አልበሞች አውጥቷል። በግንቦት 2005 ሦስቱም ቶሮንቶ ላይ ለአድናቂዎቻቸው ጥቂት ዘፈን አብረው ተጫውተዋል።

አሁን ወደ ሸክላዎ። መጀመሪያ በየት አገር እንደታተመ ይወቁ። መሐሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ዳፎዲል ካለ የካናዳው ነው፤ ካፒቶል ኤስቲ-11542 ካለ የአሜሪካው ነው። የአሜሪካው በወሬው ሰሞን በብዛት ስለተሸጠ እንደልብ ይገኛል፣ ከማንኛውም ያገለገለ ሮክ ሸክላ የተለየ ዋጋ አይጠየቅበትም። ከአልበሙ በፊት የወጡት የካናዳ ነጠላ ሸክላዎችና «ማጀንታሌን» ግን ሰብሳቢ ይፈልጋቸዋል። «የቢትልስ ድብቅ ሸክላ» ተብሎ ዋጋው የተሰቀለ ካዩ ጥለውት ይሂዱ።

ሁኔታውን ለማየት በመስኮት ብርሃን አጋድመው ይመልከቱት፤ ለዓይን የሚታይ ጭረት ሁሉ አይሰማም፣ ጥፍር የሚይዘው ግን ይሰማል። እኛ «ሸክላ» ብንለውም ይህ የ1970ዎቹ ሥራ ቪኒል ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት ያጣምመዋል፣ ስለዚህ መኪና ውስጥ አይተዉት፣ አስተኝተው አይደራርቡት፣ አቁመው ያስቀምጡት። ሲያጥቡት የተጣራ ውኃ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምረው፣ በለስላሳ ጨርቅ የጎድጓዳውን ዙሪያ ተከትለው ይጥረጉ፤ ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውኃ ያለቅልቁት። ሳሙና ከቀረበት ሲደርቅ ራሱ ጫጫታ ይሆናል። መሐሉን ወረቀት አያርጥቡ።

ሲያጫውቱት ሁለት ነገር ያሳስትዎታል። የመጀመሪያው ገጽ የሚከፈተው በነፍሳትና በወፎች ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ መርፌ ሸክላ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ያ የእርስዎ ሸክላ ቆሻሻ አይደለም፣ የተቀረጸ ነው፤ እንደገና ለማጠብ አይነሡ። ሁለተኛው ችግር የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው «ሊትል ኒውትሪኖ» ነው። ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር ውጭኛው ዳር ላይ መርፌው በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሐል አካባቢ ሲደርስ 21 ብቻ ነው። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ታጭቋል ማለት ነው። ይህ ዘፈን ደግሞ ድምፁ በመሣሪያ የተቀየረና የተጫነ በመሆኑ ያረጀ መርፌ እዚያ ላይ ያንሻካሽካል። መርፌው ካረጀ ይቀይሩት፤ መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫንበትንም ክብደት የካርትሪጁ (የመርፌው መያዣ) መመሪያ በሚለው ልክ ያድርጉት፣ አብዛኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ባለው ውስጥ ነው። ማሳነስ ሸክላውን የሚያድን ይመስላል እንጂ መርፌውን እያዘለለ ይበልጥ ያበላሸዋል።

ከየት ልጀምር ላሉት፦ ከ«ሰብ ሮዛ ሰብዌይ»፤ ቀጥሎ «ኮሊንግ ኦኪዩፓንትስ»ን በክላቱ፣ ወዲያው በካርፔንተርስ፤ ከዚያ «ሆፕ»ን ሳያቋርጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አራተኛውን አልበም ለመጨረሻ ያቆዩት። የእያንዳንዱ አልበም ሽፋን ላይ አንዲት አይጥ ተደብቃለች፤ ከፀሐይዋ ሥር ጀምረው ይፈልጓት። «ሊትል ኒውትሪኖ» በፍንዳታ ሲያልቅም መርፌውን ለማንሣት አይቸኩሉ፤ ጸጥ ካለ በኋላ አይጧ ድምፅዋን ታሰማለች።